በጎማ ላይ ሚዛን ስለ መሳት፦ የስኬቲንግ አዳራሽ አጭር ጥናት

የዚህ ዘርፍ ተመራማሪ ከመስታወት ቢጀምር ይሻለዋል። የዛሬዋ ቤልጂየም ተወላጅና የለንደን ነዋሪ የነበረው የፈጠራ ባለሙያ ጆን ጆሴፍ መርሊን፣ እንደሚተረክለት፣ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ገደማ ቫዮሊን እየተጫወተ፣ ጎማ ባለው ጫማ እየተንሸራተተ ግብዣ ገባ። ማቆሚያ አላበጀለትም ነበርና 500 ፓውንድ የሚያወጣ መስታወት አደቀቀ፤ ቫዮሊኑም ተሰበረ፤ እሱም ክፉኛ ቆሰለ። ስኬቲንግና ሙዚቃ የተጋቡት እንዲህ ነው። ጋብቻው እስካሁን አልፈረሰም።

በ1863 ኒውዮርካዊው ጄምስ ፕሊምፕተን ሰውነት ሲያዘነብል አብሮ የሚታጠፍ ባለ አራት ጎማ ጫማ ሠራ። ስኬቲንግ ወንድና ሴት ወጣቶች በጨዋ ደንብ የሚተዋወቁበት ጨዋታ ነው ብሎም ያምን ነበር። ሰውየው የመካኒክ ሊቅ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የሽምግልና ሊቅ ነው ባይ ነኝ።

ማስረጃው የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የአሜሪካ አዳራሽ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም። ድንገት መብራቱ ደብዘዝ፣ ዘፈኑ ለስለስ ይልና በድምፅ ማጉያ «ጥንዶች ብቻ!» ይታወጃል። ያን ጊዜ ወረርሽኝ ይገባል። አሁን ወደ ኋላ ሲከንፍ የነበረ ጎረምሳ እጁን የሚይዝለት ካላገኘ መቆም ያቅተዋል። በሽታው የሚይዘው ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ሲሆን፣ ዘፈኑ እንዳለቀ ያለ መድኃኒት ይሽራል። የሕክምናው ዓለም ዝምታ ያሳዝናል።

ወለሉ ሰፊ፣ በሩም ጥበቃ ያለው በመሆኑ ለታዳጊዎች ኮንሰርት ከዚህ የተሻለ አዳራሽ በየሰፈሩ አይገኝም ነበር። በካሊፎርኒያ፣ ኮምፕተን፣ «ስኬትላንድ ዩ.ኤስ.ኤ.» በ1980ዎቹ የራፕ ቡድኑን ኤን.ደብሊው.ኤ.ን በጀማሪነቱ አስተናግዷል። ፕሊምፕተን ያሰበው የጨዋ ትውውቅ ይህንን ይጨምር እንደሆነ በሰነድ አልተረጋገጠም።

በአሜሪካ የሚኖረው ሐበሻ ወላጅ ከዚህ ተቋም ጋር የሚተዋወቀው በልጁ ጓደኛ ልደት ነው። ሥራው የታወቀ ነው፦ ኮት መጠበቅና በየዙሩ «ቀስ! ቀስ በይ!» እያሉ መጣራት። «እማዬ፣ ነይ ግቢ» ቢባልም በመርህ ደረጃ አይገባም። መርሁ ጉልበት ላይ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ሲጠየቅ የሚያነሳው የኪራዩን ጫማ ነው፤ ማን አድርጎት እንደነበር አይታወቅም። በዚህስ አይፈረድበትም። ጫማው ሲመለስ ውስጡ የሚነፋው መድኃኒት የፊተኛውን ሽታ አያጠፋም፤ ሁለተኛ ሽታ ነው የሚጨምርበት።