ለአየር ናት

የወረኢሉ ተሳፋሪ ሚኒባስ ከመግባቱ በፊት የማይመረምረው ነገር የለም። የሾፌሩን ዓይን ያያል፤ ቅሞ አድሮ እንደሆነ ይገምታል። ረዳቱን ያያል፤ መልስ የሚመልስ ይሁን የሚያስረሳ ከአነጋገሩ ይለያል። መስኮቱን ገፋ ሳብ አድርጎ ይሞክራል፤ በዚያ ደጋ የማይዘጋ መስኮት ቀላል ነገር አይደለም። ጣራው ላይ የወጣውን ጆንያውንም ደጋግሞ አንጋጦ ያያል። ጎማው ላይ ሲደርስ ግን በጫማው ጫፍ ረገጥ አድርጎ፣ ነፋስ መኖሩን አረጋግጦ ያልፋል። ያንን ጎማ ከመኪናው ጋር የያዙትን ቡሎኖች ቆጥሮ የተሳፈረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ቢቆጥር ስድስት መሆን በሚገባው ቦታ አምስት ያገኝ ነበር፤ አንዳንዱ ላይ አራት።

አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ብቻ፣ መኪናው እስኪሞላ ፀሐይ እየሞቁ ከኋላው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ ባዶዋን ቀዳዳ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ሾፌሩን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይቺ ክፍት የሆነችው ምንድን ናት?»

«ለአየር ናት አባቴ። ፍሬኑ እንዳይግል።»

«አላህ ጥበቡን ይጨምርልህ» ብለው መርቀውት ገቡ። ሾፌሩ ለማሰብ እንኳ አልቆመም፤ መልሱ ከቡሎኑ በፊት የተገዛ ነው።

ወረኢሉ ቀጠሮ የማያውቅ ከተማ እንዳይመስላችሁ። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ሊዘምቱ ሲነሱ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት በአዋጅ አዘዙ፤ ሰዉም በእግሩና በበቅሎው መጣ። ዛሬ «ሞልቷል፣ አሁን ይነሳል» የተባለለት ሚኒባስ የጎደሉትን ሦስት ሰዎች ለማግኘት ጥቅምትን ሙሉ የሚፈልግ ይመስላል። በዚያ ጥበቃ ውስጥ የአንድ ጎማ ቡሎን በሙሉ ተቀይሮ፣ እጅ ታጥቦ፣ ቡናው እስከ በረካው ይጠጣ ነበር። ጊዜ የለም የሚባለው እዚያው ቆሞ ነው።

መኪናው ዶልፊን ነው። ቶዮታ ይህን ሃይኤስ በፈረንጆች 1989 ማምረት ጀምሮ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ እኛ አባዱላ ባልነው ተካው። ጃፓን ውስጥ ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ጡረታውን ሊበላ ደቡብ ወሎ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። የሚተካውም በቀላሉ አይገኝም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። ስለዚህ ያለው መኪና እየተጠገነ መኖሩ ተገቢ ነው፤ በዚህ ሾፌሩን የሚወቅስ ሰው የመኪና ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። የኔ ጥያቄ ጥገናው ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። የዳሽቦርዱ ምንጣፍ አዲስ ነው። የፕላስቲክ አበባው አዲስ ነው። ስፒከሩ ከመኪናው የፊት መብራት ይበልጣል። ስድስተኛው ቡሎን «ገንዘብ ሲገኝ» ተብሎ ይጠብቃል፤ ዋጋው ከአበባው ያንሳል።

የጎማ ቡሎን ሥራው ብዙዎች እንደሚያስቡት ጎማውን ተሸክሞ መዋል አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ በጣም በጥቂቱ ይሳባል፤ በዚያ መሳብ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ሸክሙን የሚችለው የሁለቱ ብረቶች መጣበቅ ነው። ዳዶው ሲላላ ቸርኬው መንሸራተት ይጀምራል፤ ቡሎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ሽቦ ወዲያ ወዲህ ሲሉት እንደሚበጠስ አንድ ቀን ይበጠሳል። ያኔ የሱ ድርሻ ለጎረቤቶቹ ይተርፋል፤ ሁለተኛው ለመከተል ብዙ አይቆይም። «አራቱ ይበቃዋል» የሚባለው ሒሳብ እዚህ ላይ ነው የሚፋለሰው፤ የቀሩት አራቱ የራሳቸውንም የሟቾቹንም ሥራ ሲሠሩ የከረሙ ናቸው።

መላላቱን የሚፈራው ደግሞ ወደ ሌላኛው ገደል ይገባል። ጎሚስታ ቤት ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ ክብደቱ ከመለዋወጫው ጎማ ብዙም አይበልጥም። መፍቻውን ዳዶው ላይ ሰካ፣ መፍቻው ላይ ረጅም የውኃ ቧንቧ አጠለቀ፣ በአንድ እጁ የመኪናውን ጣራ ይዞ ቧንቧው ጫፍ ላይ ወጣና ዘለለ። አንዴ ዘለለ። ባለቤቱ «ጨምርለት!» አለው። ደግሞ ዘለለ። ዳዶው «ጢው» ብሎ ጮኸ፤ ባለቤቱ «አሁን ያዘ» ብሎ ፈገግ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቡሎን የሚያስፈልገው ጥብቀት ከ100 ኒውተን ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ግማሽ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው፤ አንድ ጤነኛ ክንድ ይበቃዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ስድስት እጥፉን ጭኗል፤ ዝላዩን ሳንቆጥር። ያ «ጢው» ያለው ድምፅ የቡሎኑ ስንብት ነበር። እዚያው ካልተበጠሰ ውስጥ ውስጡን ተለጥጦ ለመንገድ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ጎማ ፈቺ ሲነካው ከነዳዶው እጁ ላይ ይቀራል። «የቻይና ዕቃ» ተብሎ ይሰደባል፤ የጃፓን ነበር።

ብድሩስ? አንድ ጎማ ዳዶውን ሲያጣ ከሦስቱ ጎማዎች አንድ አንድ ፈትቶ ማሟላት የታወቀ የመንገድ ዘዴ ነው፤ ሰው ቤቱ እስኪገባ ይጠቅማል። የኛ ሾፌር ቤቱ ከገባ በኋላም ብድሩን አይመልስም። በሚቀጥለው ወር አንዱ አበዳሪ ራሱ ተበዳሪ ይሆናል። በመጨረሻ የማን ዳዶ የማን እንደነበር አይታወቅም፤ መኪናው እርስ በርሱ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል።

ከራስ መበደር ሲያልቅ ከጎረቤት ይመጣል። እዚህ ላይ የኒሳን ፒክአፕ ያለው ደግ ሰው ይገኛል። የሁለቱም ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዳዶውን አጠገቡ ቢያስቀምጡት መንታ ነው። የቶዮታው ጥርስ ግን በ1.5 ሚሊ ሜትር፣ የኒሳኑ በ1.25 ይራመዳል። ዳዶው ሁለት ዙር በእጅ ይገባል፣ ከዚያ እንቢ ይላል። ልባም ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። የኛው ቧንቧውን ያመጣል። ከዚያ በኋላ የቡሎኑም የዳዶውም ጥርስ ተበልቶ፣ ደጉ ሰውም ዳዶውን አጥቶ፣ ሁለት መኪና በአንድ ምጽዋት ይጎዳል።

ከሁሉም የሚያስቀው ግን የአይሱዙው ነው። እህል ጭኖ የሚመላለሰው ኤንፒአር፣ በተለይ የቆየው፣ የግራ ጎኑ ቡሎኖች የተሠሩት በተቃራኒው ነው፤ ሌላው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይፈታል። ጎማው ወደፊት ሲሽከረከር ዳዶውን እንዳያላላው ታስቦ ነው። ዕድሜውን በሚኒባስ ያሳለፈ ረዳት አይሱዙ ላይ በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት የግራ ጎማ ሲፈነዳ ማየት ነው። ይፈታል ብሎ ያጠብቃል። እንቢ ሲለው ቧንቧ ያመጣል። ቧንቧው ሲያቅተው ሰው ይጠራል። ሦስት ጎረምሳ ተጋግዞ በሙሉ ልብ ያጠብቃል፤ አንዱ «ዝጎ ነው» ይላል፣ ሌላው ዘይት ያፈስበታል፣ የመንገድ ዳር እረኛ ሳይቀር ድንጋይ አቀብሎ ይመክራል። ሲበጠስ ሁሉም «ተፈታ!» ይላሉ።

በአግባቡ ቢሠራ ሥራው ከባድ አልነበረም። ጎማው ይወርዳል፤ ከኋላ ከሆነ ታምቡሮው ይወልቃል። የተበላሸው ቡሎን በመዶሻ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ከራሱ ሥር ያለው ሸንተረራም አንገት ነው ሞዞውን ነክሶ የያዘው። አዲሱ ከጀርባ ይገባል፤ በፊት ለፊቱ ሮንዴላ ተደራርቦ፣ አንድ የማይፈለግ ዳዶ ታስሮ፣ ራሱ ጥብቅ ብሎ እስኪቀመጥ በቀስታ ይሳባል። ከዚያ ቸርኬው ይገባል፤ ዳዶዎቹ በዙሪያ ተከታትለው ሳይሆን ፊትና ፊት እየተያዩ ይጠብቃሉ። አንድ ጎማ ላይ ሁለት ከተበላሸ ስድስቱንም መቀየር ይሻላል። ይህን የሚያውቁ መካኒኮች ደሴም ወረኢሉም አሉ፤ ችግራቸው «ስድስቱም» ሲሉ ባለመኪናው ሌባ ያገኘ ይመስል ሌላ ጋራዥ መሄዱ ነው።

ሌላው ጋራዥ ቶርኖ ቤት ያውቃል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ማን ይልካል? የቤት መሥሪያ ፌሮ ቁራጭ ተቆርጦ፣ ጥርስ ወጥቶለት፣ ቀለም ተቀብቶ ይገባል። ሲያዩት ከፋብሪካው ያምራል። ለጎማ የሚሆነው ቡሎን ግን በእሳትና በማቀዝቀዝ የጠነከረ ብረት ነው፤ ፌሮ ለኮንክሪት የተፈጠረ ነው፣ ኮንክሪት ደግሞ በደሴና በወረኢሉ መካከል ያለውን የጉጉፍቱን ዳገት አይወጣም። በዓመታዊው ምርመራ ሰሞን ደግሞ ተአምር ይታያል፤ የጎደለው ሁሉ ከጓደኛ መኪና ይመጣል፣ ከእሳት ማጥፊያው ጋር። ቦሎው በተለጠፈ ማግስት ሁሉም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

መኪናውም ዝም ብሎ አይደለም፤ ይናገራል። ዳዶው ሥር የዝገት እንባ ይወርዳል፤ ቀስ ብሎ ሲነሳ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፤ መሪው ይንቀጠቀጣል። አንዲት እናት ከኋላ «የኔ ልጅ፣ ምን የሚያንኳኳ ነገር አለ?» ሲሉ፣ ሾፌሩ እጁን ወደ ቴፑ ሰደድ ያደርጋል። መንዙማም ይሁን መዝሙር፣ ድምፁ ከፍ ሲል ቡሎኑ ይድናል።

አንድ ሾፌር ግን ገጥሞኛል፤ ስድስቱንም ያስቀየረ። አዲስ ቡሎን የገባለት ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና መታየት አለበት ብሎ የነገረው መካኒክ ነበር፤ እሱም ሰምቷል። ከደሴ ወደ ወረኢሉ ስንመጣ ጉጉፍቱ ላይ ዳር ያዘ፣ ቧንቧ የሌለው መፍቻ ይዞ ወረደ። ብርዱ በተከፈተው በር ገባ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?»

«ዳዶ ሊያጠብቅ ነው» አለ ረዳቱ።

«ደሴ እያለ አያጠብቅም ነበር? ለቅሶ ልደርስ ነው እኮ!»

«ኸረ በሩን ዝጋው አንተ ልጅ!»

ሾፌሩ አራቱንም ጎማ ዞሮ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲመለስ የተቀበለው ሰው አልነበረም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንድ ትልቅ ሰው ሁላችንንም ወክለው ተናገሩ።

«ሁለተኛ አልሳፈራትም ይቺን። ደህናው መኪና እያለ፣ በየመንገዱ ጎማ የማይነካካው!»

«እውነት ነው» አለ ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ።

«ሒሳብ!» አለ ረዳቱ።