የሚኒስትር ምላሽ፦ ንባቡና አንድምታው

ስለ ቅኔ ብዙ ተጽፏል። የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራንና ጎንጅን የሚያወድስ ሞልቷል። ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚዘረፈው ግን (ቅኔውን ማለቴ ነው) እስከ ዛሬ አጥኚ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በመጠኑ ለመሙላት የተነሳ ነው። የሚመረምረውም ከሁሉ የረቀቀውን፣ ስለ መኖሪያ ቤት የተጠየቀ ሚኒስትር የሚሰጠውን ምላሽ ነው።

ሚኒስትሩ ማን ናቸው ለሚል፣ ስም አያስፈልግም። ሰው ይሾማል፣ ይሻራል፤ ምላሹ ግን ከወንበሩ ጋር ርክክብ ይደረግበታል። መሥሪያ ቤቱ እንኳ በሃያ ዓመት ውስጥ ሥራና ከተማ ልማት፣ ከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን፣ ከተማ ልማት፣ ቤቶችና ኮንስትራክሽን፣ ከተማ ልማትና ቤቶች፣ ተመልሶ ከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ተብሎ፣ ከ2014 ወዲህ የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ሆኗል። «ቤቶች» የሚለው ቃል እንደ ተከራይ ጥቂት ዓመት ተቀምጦ፣ ዕቃውን ጭኖ ለቋል።

ምላሹ ሕጋዊ መሠረት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ባለሥልጣናትን ለጥያቄ እንዲጠራና የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። የተጠራው ሰው ምን ዓይነት መልስ ይስጥ የሚለውን ግን ለባለሙያው ትቶታል። አንቀጽ 90 ደግሞ ፖሊሲዎች ዜጎች ሁሉ መኖሪያ እንዲያገኙ ያልማሉ ይልና የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ገደብ ያኖርበታል። ሚኒስትሩ የሚናገሩት በሁለቱ አንቀጾች መካከል ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ቆመው ነው።

ታሪክ። ሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ደረሰ። በ1996 ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1997 ምዝገባ ሲከፈት በአዲስ አበባ ብቻ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 እንደ አዲስ ሲመዘገብ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ፤ ሕዝቡም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብሎ ተከፈለ። ፊተኛው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው፣ ኋለኛው ባንክ የሚያበድረው መቶኛ ነው። በ20/80 ባለ አንድ መኝታ የመረጠ ሰው በወር 274 ብር ንግድ ባንክ እንዲያስገባ ተነገረው። ከዚያ ወዲህ ብሩ ብዙ ነገር ሆኗል፤ ሲሚንቶም ብዙ ነገር ሆኗል፤ ደብተሩ ግን አሁንም በሰዉ እጅ አለ። ሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣ። እልል ተባለ፣ ቡና ተፈላ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ያልቆጠቡ ሰዎች መረጃ ገብቶበታል ተባለና ዕጣው ተሰርዞ ኅዳር 2015 በድጋሚ ወጣ። የትርጓሜ ሰዎች «ወጣ» የሚለው ግልጽ ቃል እንኳ አንድምታ እንደሚያሻው የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወደ ምላሹ። እዚህ ላይ በትርጓሜ ቤት ወግ «አለ» እያልን እንሄዳለን እንጂ ክብራቸውን መንፈጋችን አይደለም።

«በትኩረት እየተሠራ ነው» አለ። ተጀምሯል ሲል ነው። አንድም፣ ሊጀመር ነው ሲል ነው። አንድም፣ ተጀምሮ ቆሟል፤ የቆመውን በትኩረት እያየነው ነው ሲል ነው።

«አፈጻጸሙ ከዕቅዱ አንጻር አበረታች ነው» አለ። ከየትኛው ዕቅድ ቢሉ፣ ከዓመቱ። አንድም፣ ከተከለሰው። ዕቅድ የሚከለሰው አፈጻጸሙ ከታየ በኋላ ነውና ሁለቱ ሳይገናኙ አይቀሩም። ማንን ያበረታታል ቢሉ፣ ሪፖርቱን ያዘጋጀውን ክፍል።

«የፍላጎትና የአቅርቦት አለመጣጣም አለ» አለ። ይህ አንድምታ የለውም፤ ንባቡ ራሱ ትርጓሜ ነው። ሰዉ ብዙ፣ ቤቱ ጥቂት ነው ሲል ነው። የምክር ቤት አባሉም ተነስተው የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ጥያቄን አጥቦ ተኩሶ በመልስነት ማስረከብ ከባድ ሙያ ነው፤ ሁሉም ሚኒስትር በመጀመሪያው ዓመት አይችለውም።

«ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት» አለ። ባለድርሻ ማን ነው ቢሉ፣ ከተማ አስተዳደሩ፣ ባንኩ፣ ተቋራጩ ነው። ተመዝጋቢውስ ቢሉ፣ እሱ ያለው ደብተር ነው እንጂ ድርሻ አይደለም። በዚሁ ላይ የሥልጣን ሐተታ ይገባል። ዕጣ የሚያወጣው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው፤ ስለዚህ ሚኒስትሩ የእኛ ሥራ ፖሊሲ ነው ይላሉ። ከተማው ሲጠየቅ በበኩሉ ፋይናንሱን ያነሳል፤ ገንዘቡ ከንግድ ባንክ በቦንድ የተወሰደ ነውና። ባንኩ ሲጠየቅ ያበደረው እንዲከፈለው ይፈልጋል፤ በዚህ አይታማም። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ጥያቄው በዚህ መካከል የሚጓዘው መንገድ ከፒያሳ ኮዬ ፈጬ ይርቃል።

«ተጠናቀው ለዕድለኞች ተላለፉ» አለ። ተጠናቀቁ ማለት ምን ማለት ነው ቢሉ፣ ግድግዳና ጣሪያ አላቸው ማለት ነው። ሐተታ። ዕድለኛዋ ቁልፍ ተቀብላ አራተኛ ፎቅ በእግሯ ትወጣለች፤ ሊፍት የለምና። በሩን ስትከፍት ወለሉ ሴራሚክ የለውም። መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው አግሮስቶን ነው፤ ስዕል ልስቀል ብላ ሚስማር ብትመታበት ሚስማሩ ማዶ ይወጣል። ቧንቧው ተዘርግቷል፤ ውሃው ገና ነው። የቆጣሪው ቦታ ተበጅቷል፤ ቆጣሪው ገና ነው። ለአናጺ፣ ለቧንቧ ሠራተኛና ለቀለም የምታወጣውን ብር ቤቱን እያከራየች ታጠራቅማለች፤ እሷ ራሷም ሌላ ቦታ ተከራይታ ትኖራለች። በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ግን ከቤት ፈላጊነት ወጥታለች። አንድም፣ በሠንጠረዥ ደረጃ ተጠናቀቀ ሲል ነው።

ስለ ኪራይ የሚነሳ ጥያቄ ካለ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይዘጋል። አዋጁ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። አከራይና ተከራይ በር ላይ ቆመው የሚነጋገሩት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ለጊዜው ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

«ሐሳቡን እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» አለ። ግብዓት በግንባታ ቋንቋ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሸዋ ነው። የአባሉ ጥያቄም ከእነዚህ ተርታ ገባ ማለት ነው፤ ክብር ነው። ሲሚንቶ በጠፋበት ዘመን እንኳ ይህ ግብዓት እጥረት ገጥሞት አያውቅም። ምን ተገነባበት የሚለው በቀጣይ የሚታይ ይሆናል።

አንባቢ፣ ሚኒስትሩ እንዴት ይህን ሁሉ ያለ ችግር ይወጡታል ይል ይሆናል። ምሥጢሩ አንደበታቸው ላይ አይደለም፤ ሥርዓቱ ላይ ነው። አዳራሹን በቴሌቪዥን ተረጋግቶ ያየ ሰው ያስተውለዋል። የመጀመሪያው አባል ማይክሮፎናቸውን ከፍተው የተከበሩ አፈ ጉባኤን ያመሰግናሉ፤ ለቀረበው ሪፖርት አድናቆት ይሰጣሉ፤ ጥያቄዬ አጭር ነው ብለው የመረጣቸው ሕዝብ መንገድ፣ ድልድይ፣ ውሃና ቤት እንደሌለው ይዘረዝራሉ። ሁለተኛው ይከተላሉ። ሦስተኛዋ የእኔ አስተያየት ነው ይላሉ። አምስተኛው የተባለውን ላለመድገም ብለው ይደግሙታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሚኒስትሩ አቀርቅረው ይጽፋሉ። ከኋላቸው የተቀመጡት ሚኒስትር ዴኤታና ባለሙያዎች ብጣሽ ወረቀት ያቀብላሉ። ወረቀቱ ላይ ቁጥር አለ፤ ሁልጊዜም በመቶኛ ነው። ከዚያ ሚኒስትሩ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ የተነሱት ጥያቄዎች ተቀራራቢ ስለሆኑ ሰብሰብ አድርጌ እመልሳለሁ ይላሉ።

ዋናው ግኝታችን ይህ ነው። ተበታትኖ የተጠየቀ ነገር ሲሰበሰብ መልከኛው ከላይ ይወጣል፣ አስቸጋሪው ከታች ይቀራል። በ1997 ተመዝግቤ እስከ ዛሬ ለምን አልደረሰኝም የሚለው የአንድ ሰው ጥያቄ፣ ከድልድዩና ከመንገዱ ጋር አብሮ ታስሮ፣ የመሠረተ ልማት ፍላጎቶች በሚል ርዕስ ምላሽ ያገኛል። ጠያቂው አልተመለሰልኝም እንዳይሉ ተራቸው አልፏል። አፈ ጉባኤው ሰዓቱን ያያሉ፤ ሰዓቱም ሁልጊዜ አልቋል። የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጠንካራ ጎኖችንና መሻሻል ያለባቸውን ያነባሉ፤ ሁለተኛው ዝርዝር ካለፈው ዓመቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ይህም የተቋሙን ጽናት ያሳያል።

ምላሹ ውሸት ነው ወይ ብለው የጠየቁን አሉ። አይደለም። ከላይ የተተረጎሙትን ቃላት አንድ በአንድ መርምረናል፤ ሐሰት የሚባል አላገኘንም። ሐሰት እንዲኖር መጀመሪያ የሚጨበጥ ነገር መነገር አለበት፤ ይህ ቤት በዚህ ወር ለዚህች ሰው ይሰጣል የሚል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በንባቡ ውስጥ አላጋጠመንም።

ስለዚህ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሚኒስትር ሲመጣ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ። ሳይቱን፣ የብሎኩን ቁጥርና ወሩን ይጥቀስ፤ ምስጋናውን ለሌላ ቀን ያቆየው። መልሱ ሳይመጣ ሁለተኛው አይናገር። ይህን የስብሰባ ደንብ አይፈቅድም የሚል ካለ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 59 ይመልከት፤ የምክር ቤቱን የአሠራርና የሥነ ሥርዓት ደንብ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ራሱ ነው፤ ሚኒስትሩ አይደሉም።