መቻል ገና አልቻለም

ሐርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር
ሰኔ 19 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤
ደብረ ብርሃን

እትዬ፣ ልጆቹ፣ በጎቹ እንደምን ናቸው?

በመጨረሻው ደብዳቤዎ ፖስታ ላይ «ባሕር ማዶ ላለው የወንድሜ ልጅ» ብለው ጽፈዋል። ጋሼ፣ እኔ የተሻገርሁት ባሕር የለም። ከጅግጅጋ ተነስቼ የቶጎ ውጫሌን ኬላ አልፌ አቧራ ለብሼ ነው የገባሁት። ባሕሩ ያለው በርበራ ነው፤ ከዚህ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያ የኢትዮጵያና የሶማሌላንድ የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ከተፈረመ ወዲህ ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ «ባሕሩን አየኸው?» ይለኛል እንጂ «ምሳ በላህ?» የሚለኝ ጠፍቷል።

ዛሬ እዚህ በዓል ነው። ሰፈራችንም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቀን ነው። ሶማሌላንድ በፈረንጆቹ ጁን 26 ቀን 1960 ከእንግሊዝ ነጻ ወጣች፣ ከአምስት ቀን በኋላ ከደቡቧ ሶማሊያ ጋር ተዋሃደች፣ በ1991 ደግሞ በቃኝ ብላ ተለየች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ባንዲራው፣ ዘፈኑ፣ የመኪናው ጡሩምባ አንድ ላይ ሆኖ ሰፈሩ አልተኛም። ቡችላውም አልተኛም። ጡሩምባው በጮኸ ቁጥር አልጋዬ ሥር እየገባ ሲሸና አደረ።

ስለዚህ ቡችላ በስልክ ጀምሬልዎት ነበር። «ምታው!» ብለው ዘጉት። ወረቀት ስለማይዘጋ ቀሪውን በጽሑፍ ልጨርስልዎት።

የምሠራበት ቤት ሰዎች ከካርዲፍ የተመለሱ ናቸው። የዚህ አገር ሰው በእንግሊዝ ዘመን በመርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል እየማገደ እስከ ካርዲፍ ወደብ ይሄድ ነበር፤ የቤቱ ጌታ አያትም እንደዚያው ሄደው ቀሩ። የልጅ ልጆቻቸው አሁን በአውሮፕላን ይመለሳሉ። ታዲያ የቤቱ ትንሿ ልጅ አንድ ቀን ከቆመ የውሃ ቦቴ ሥር ይህን ቡችላ አንስታ፣ በሻርፕ ጠቅልላ ሳሎን ይዛው ገባች።

አያትየዋ ከመስገጃቸው ሳይነሱ ፈረዱ። ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም። ሃይማኖታቸው ውሻን የሚፈቅደው ለከብት ጥበቃ፣ ለአዝመራ፣ ለአደን ነው። «እኛ ከብት የለን፣ አዝመራ የለን፣ አደን አንወጣም፤ ያለን ጀነሬተር ነው» አሉ። ልጅቷ አለቀሰች፣ አባትየው መሐል ገቡ፣ ጉባኤው እስከ እራት ቆየ። በመጨረሻ ውሻው ግቢ ውስጥ እንዲቀር፣ ሌሊቱን ግን ሰርቪስ ቤት ከእኔ ጋር እንዲያድር ተወሰነ። የመላእክቱን ጉዳይ ያነሳ ሰው አልነበረም። የምግብ አብሳይ ክፍል ድሮም አያዘወትሩም ተብሎ ይሆናል።

ልጅቷ ቢስኪት ብላዋለች። ዘበኛው «ኤይ» ይለዋል፤ በነሱ ቋንቋ ውሻ ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ ማዕረግ ሊሰጠው አልፈቀደም። እኔ መቻል አልሁት። ለጊዜው ግን አልቻለም።

በአያትየዋ አልፈርድባቸውም። እኛስ ውሻን መቼ ከደጃፍ አሳልፈን እናውቃለን? ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ልቅ፤ ምግቡ ትራፊ፣ ቤቱ ሰማይ። አንድ ቀን ተሳስቶ ጓዳ ብቅ ያለ እንደሆነ የእትዬ ማማሰያ ይቀበለዋል፤ «ክላ!» ይባላል፣ ይወጣል። ጋሼ፣ ነገሩን ሳስበው የእኛ ዱላ የሚያውቀው ይህንኑ አንድ ትምህርት ነው፦ ውጣ። ለደጅ ውሻ ይበቃል። ሽንቱን የትም ይሽና፣ ማን ጠይቆት! ቤት ውስጥ ለሚያድር ቡችላ ግን ጥያቄው የት ልሽና የሚል ነው። ዱላ ደግሞ የት እንደሆነ አይናገርም።

በአገራችን ከቤት ገብቶ በምንጣፍ ላይ በመሄድ ስሙ የተጠራ ውሻ ቢኖር የጃንሆይ ሉሉ ነው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ካፑሺንስኪ በፈረንጆቹ 1978 ባወጣው መጽሐፍ ሉሉ በሥነ ሥርዓት ላይ የመኳንንቱን ጫማ ይሸናበት እንደነበር፣ ያንን በጨርቅ መጥረግ ብቻ ሥራው የሆነ አሽከርም እንደነበረ ጽፏል። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ሰዎች መጽሐፉን በብዙ ነገሩ ፈጠራ ነው ብለውታል፤ ይህም አንዱ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እውነት ነው ብዬ ለመያዝ እፈልጋለሁ። እንደዚያ ከሆነ በቤተ መንግሥት አንድ ሰው አሥር ዓመት የሠራውን ሥራ እኔ በሐርጌሳ በተጨማሪነት፣ ያለ ጭማሪ ደመወዝ ይዤዋለሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዱላው። እዚሁ ሰፈር ሴራሚክ የሚያነጥፍ አንድ የወሎ ልጅ አለ፤ እሁድ እሁድ እኔ ዘንድ ሽሮ ይበላል። የእርስዎ ደቀ መዝሙር ነው፤ ባያገኝዎትም። «አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አሽተህ፣ ከዚያ በነጠላ ጫማ ሁለት ጊዜ ሾጥ አድርገው፤ በሳምንቱ ሰው ይሆናል» ይላል። እኔ ገበያ በወጣሁበት ሰዓት መድኃኒቱን ሞከረው። ስመለስ መቻል ከሩዙ ጆንያ ጀርባ ተወሽቋል፤ የወሎው ልጅ ደግሞ «ገባው!» ብሎ ደረቱን ነፍቷል።

በእርግጥ የገባው ነገር አለ። ሰው እያየ መሽናት አደገኛ ነው የሚል። ከዚያን ቀን ወዲያ ግቢ ይዤው ወጥቼ አጠገቡ ብቆም፣ ሽቅብ ሽቅብ እያየኝ ይጠብቃል፤ ጠብታ የለም። ክፍል ገብተን ጀርባዬን ባዞርሁ ቅጽበት ከጆንያው ኋላ ጉዳዩን ይፈጽማል። ያ ጫማ ያስተማረው መደበቅን ነው። የቀድሞው ቢያንስ መሐል ወለል ላይ ነበር፤ አሁን ሽታውን እየተከተልሁ ጆንያ የማነሳ ሰው ሆንሁ።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ብለውኝ ነበር በስልኩ። ለልጅ ይሁን ጋሼ። ይህ ግን ሲቆጡት ይሸናል። የማጋንን እንዳይመስልዎት፤ ቡችላ ሲፈራ፣ ድምፅ ከፍ ሲልበት፣ ሰው ከላዩ ሲያጎነብስበት ለታላቁ መገዛቱን የሚገልጸው በሽንት ነው። ስለሸና ይቆጡታል፣ ስለተቆጡት ይሸናል፣ ስለሸና እንደገና ይቆጡታል። መወልወያ ከሚሸጥ ነጋዴ በቀር በዚህ የሚያተርፍ አላየሁም።

«ጥፋቱን እኮ ያውቃል፣ ፊቱን አይተህ ፍረድ» እንደሚሉኝም አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጆሮውን ጥሎ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ ጅራቱን ከእግሩ መሐል ሲከት ማን አይፈርድበትም! ትንሿ ልጅ እንዳሳየችኝ ከሆነ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2009 ይህንኑ ፈትናዋለች። ባለቤቶቹ ከክፍሉ ሲወጡ ውሾቹ የተከለከለውን ምግብ አንዳንዴ ይበላሉ፣ አንዳንዴ አይበሉም፤ ለባለቤቶቹ ግን ሁልጊዜ እውነቱ አይነገራቸውም። ውሻው ያን የጥፋተኛ ፊት የሚያሳየው ስላጠፋ ሳይሆን ስለተቆጡት ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ምንም ሳይበላ የተቆጡት የባሰ ጥፋተኛ መስሎ ታየ። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎ ሆኜ፣ ጠመኔውን የሰበረው ሌላ ሳለ «ፊትህ ይናገራል» ብለው ያወጡኝን ቀን አስታወስሁ። ቂም የለኝም። ለታሪክ ያህል ነው።

በፖርቱጋልም 92 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት በፈረንጆቹ 2020 ታትሟል። በመጎተትና በቁጣ የሚሠለጥኑት በምግብና በሙገሳ ከሚሠለጥኑት ይልቅ ሲጨነቁ ታይተዋል፤ ከትምህርት በኋላ በምራቃቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ጨምሮ ተገኝቷል። ይህን ለዘበኛው ሳስተረጉምለት የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የዘጠና ሁለት ውሻ ምራቅ በእጃቸው ሰበሰቡ?» አለና ራሱ የነካው ይመስል ተነስቶ ጀሪካኑ ጋ ሄደ።

ዘበኛውን ላስተዋውቅዎት፤ የዚህ ደብዳቤ ጀግና እሱ ነው። በእነሱ መዝሀብ፣ በሻፊዒው፣ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር። ይህች ደግሞ ውሃ በቦቴ እየተገዛ የሚጠጣባት ከተማ ናት። መቻል በእርጥብ አፍንጫው የሽርጡን ጫፍ ቢነካው ግማሽ ጀሪካን ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ቡችላውን እንደ ጠላት ጦር ይከታተለዋል። መሬት ማሽተት ሲጀምር፣ ዙሪያውን ሲዞር፣ ወደ ኋላ እግሩ ዝቅ ሊል ሲል ከእኔ በፊት አይቶ «ኢትዮጵያዊ! ኤይ!» ብሎ ይጮኻል፤ እኔ ወጡን ጥዬ እሮጣለሁ። ሌሊትም እንደዚያው ነው። ከሰዓት በኋላ ከእኛ አገር በመኪና እየከነፈ የሚገባውን ጫት ቅሞ እስከ ንጋት ዓይኑ አይከደንም፤ ቡችላው ሲነጫነጭ በሬን የሚደበድበው እሱ ነው። በመቻል ትምህርት የአወዳይ ጫት ገበሬም ድርሻ አለው።

ደግሞ ከግቢው ሰው ሁሉ ቡችላው እንዳይመታ አጥብቆ የተከራከረው እሱ ነው። የወሎው ልጅ በጫማው የሠራውን ሲሰማ ተቆጣ። በእነሱ ዘንድ አንድ ሰው በምድረ በዳ ከጉድጓድ ውሃ በጫማው ቀድቶ ለተጠማ ውሻ አጠጣና ኃጢአቱ ተሰረየለት የሚል ሐዲስ አለ። «ያ ሰውዬ በጫማው ያጠጣውን አንተ በጫማህ ትመታለህ?» አለው። የወሎው ልጅ መልስ አጣ፤ ሽሮውንም ሳይጨርስ ሄደ። ይህንኑ እኔ በአማርኛ ሰብኬው ቢሆን ኖሮ ይከራከረኝ ነበር።

አሁን የምናደርገውን ልንገርዎት። የሁለት ወር ቡችላ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል ነው የሚይዘው፤ ሦስት ወር ሲሞላው ሦስት። ቁጣ ፊኛን አያሳድግም። ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲደክም ይዤው ወደ አንዲት የቁልቋል ሥር እወጣለሁ፤ ሁልጊዜ ወደዚያችው። እዚያ ከሸና ወዲያውኑ፣ ውሃው ሳይደርቅ፣ ቁራጭ የግመል ሥጋና ብዙ ሙገሳ። ክፍል ውስጥ ሲጀምር ከደረስሁበት አጨብጭቤ አነሳዋለሁ፤ ካለፈ በኋላ ካገኘሁት ዝም ብዬ እጠርጋለሁ፤ ከደቂቃዎች በፊት ስላደረገው ነገር አሁን ቢቆጡት አያገናኘውም። በበረኪና ማጠቡንም ትቻለሁ። ሽንት ላይ በረኪና ሲደፋ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ አቼቶ በውሃ በጥብጬ እጠርግበታለሁ፣ ሽታውን ይቀንሰዋል። ሽታው እዚያው ከቆየ ቡችላው የሽንት ቤቱ አድራሻ ይመስለዋል።

ባለፈው ዓርብ ቤተሰቡ ላስ ጌል ይዘውኝ ሄደው ነበር። ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው የዋሻ ሥዕል አለበት፤ በፈረንጆቹ 2002 የፈረንሳይ አጥኚዎች አይተው ለዓለም ያሳወቁት። ባለ ጌጥ አንገት ላሞች፣ አጠገባቸው ሰዎች፣ ከሰዎቹም ጋር ውሾች አሉ። ትንሿ ልጅ አያቷን እጃቸውን ይዛ «ይኸው! የእኛም አባቶች ውሻ ነበራቸው» አለቻቸው። አያትየዋ ብዙ አዩና «ላምም ነበራቸው» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ። ከላሟ ሥር ያለው ሰውዬ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። ሊጸልይ ነው ይላሉ አዋቂዎቹ። የወሎው ልጅ ቢያየው ሊማታ ነው ማለቱ አይቀርም።

ጋሼ፣ ዕድሜዎን የሚያከብር አፌ ደፍሮ አይደለም፤ ግን ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት ልጅ እንዳይገረፍ ደንግጎ አርጩሜዎን ያስቀመጠዎት ጊዜ «ትውልድ ጠፋ» ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ካስተማሯቸው መሐል ሁለት ሐኪም፣ አንድ መሐንዲስ መውጣታቸውን በየሠርጉ የሚያወሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በአርጩሜው ዘመን ከተማርነው የወጣሁት እኔ አብሳዩ ነኝ። ፍርዱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

መቻል አሁን ቀኑን በደህና ይውላል። ሌሊት አንዳንዴ ያመልጠዋል፤ እንደ ዛሬ ያለ የጡሩምባ ሌሊት ደግሞ አይቆጠርበትም። ከጆንያው ጀርባ መደበቁን ለመተው ከሁሉ የረዘመ ጊዜ ወሰደበት፤ የሁለት ጫማ ምት ለመርሳት። አያትየዋ እስካሁን ስሙን አይጠሩም፤ ነገር ግን የሚበላውን ሥጋ አጥንቱን ለይተው የሚያስቀምጡት እሳቸው መሆናቸውን ደርሼበታለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

እትዬ እንደነገሩኝ እናንተም ለበጎቹ አዲስ ቡችላ አምጥታችኋል። እባክዎ፣ ሰው እንዳይመታው ለልጆቹ ይንገሩልኝ፤ በእግራቸውም ቢሆን። ከላክሁት ገንዘብ ላይ ከሁሉ አስቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱን ያስወጉልኝ፤ ያ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም፣ ልጆቹም አብረውት ነው የሚውሉት። የቀረው ለእትዬ ለበርበሬ ነው፤ ድልሁን በጅግጅጋ መኪና ይላኩልኝ፣ እዚህ የሚሸጠው አያቃጥልም።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ