አስቀድሞ የመውረድ ኃጢአት

ባዕድን ከድንበሯ የምትከለክል ሀገር በዓለም ሞልታለች፤ ይህ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። የገዛ ልጇ በገዛ ወደቧ ላይ ሻንጣውን ይዞ ስለ ወረደ መቀጫ ይከፈልበት ብላ አስባ፣ መክራና ደንግጋ፣ ይህንንም ድንጋጌ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ታቦት አክብራ ለማኖር የታደለችው ግን ታላቋ አሜሪካ ናት። ስለዚህ እኔ ብዕሬን ያነሣሁት ሕጉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነቃፊ በዝቶበት አመስጋኝ ስላጣ ጥቂት ውዳሴ ላቀርብለት ነው እንጂ።

ሕጉ የወጣው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በጁን ወር 1886 ነው፤ ዕድሜው ከአዲስ አበባ ከተማ ዕድሜ ጋራ ይተካከላል ማለት ነው። ቃሉ ባጭሩ ሲነገር፣ የባዕድ ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልብ መርከብ ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ያሳፈረውን መንገደኛ በሌላው የአሜሪካ ወደብ አያውርድ የሚል ነው። መቀጫው በመዠመሪያ በነፍስ ወከፍ 2 ዶላር ብቻ ነበረ፤ ነገር ግን በ2 ዶላር ፈሪሃ ሕግ እንደማይገኝ የሀገሪቱ አበው ስለ ተረዱ በ1898 ወደ 200 ዶላር ከፍ አደረጉት፤ ዛሬም ከኑሮ ውድነት ጋራ እየተሰላ ከ900 ዶላር በላይ ደርሷል። የምስኪኑ ደመወዝ ከገበያው ኋላ ሲያነክስ መቀጫው ከገበያው እኩል እንዲራመድ በሕግ መታዘዙ፣ መንግሥት ለሚወደው ነገር እንዴት እንደሚጠነቀቅ ያሳያል።

ምሥጢሩ እንዲገለጥልን አንድ መንገደኛ እናስብ። ሰውዬው አሜሪካዊ ነው፤ አላስካን አይቶ ለመመለስ ከሲያትል ተሳፈረ፤ መርከቡ የባሃማስ ባንዲራ ያለው ነው። ኬቺካን በደረሱ ጊዜ እናቱ በድንገት እንደ ታመሙ ተነገረው። የኬቺካን አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ፊት ለፊት በምትገኝ ደሴት ላይ ነው፤ ከመርከቡ ላይ ሆኖ አይሮፕላኑ ሲነሣ ማየት ይቻላል፤ ከዚያም ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ገደማ ሲያትል ይገባል። ሰውዬውም ሻንጣውን ይዞ ወደ መውረጃው መሰላል መጣ። ከመሰላሉ ራስ የቆመው ወጣት መርከበኛ ካርዱን ተቀብሎ በመሣሪያው ላይ አስነካው፤ የሰውዬው ፎቶግራፍ በመስተዋቱ ላይ ብቅ አለ፤ መርከበኛው ፎቶግራፉን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ በመጨረሻም ሻንጣውን አየና ፊቱ ጠቈረ። ይኸው ሰው ጧት በዚሁ መሰላል ባዶ እጁን ወርዶ የተጨሰ ሳልሞን ገዝቶ በተመለሰ ጊዜ፣ ይኸው ወጣት በፈገግታ እጅ ነሥቶ ነበር የተቀበለው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ለመመለስ መውረድ ጽድቅ ነው፤ ለመቅረት መውረድ ኃጢአት ነው፤ ጻድቁንና ኃጥኡን የሚለየው ሻንጣው ነው።

መቀጫው በሕግ የሚጣለው በመርከቡ ላይ እንጂ በመንገደኛው ላይ አይደለም፤ መርከቡ ግን መከራን ብቻውን መሸከም ስለማይወድ፣ ማንም በማያነበው የጉዞ ውል ውስጥ ዕዳውን ወደ መንገደኛው አሳልፎታል። ሰውዬው ራሱ በጠና ታሞ በቃሬዛ የወረደ እንደ ሆነ ጉምሩክ ነገሩን መርምሮ ምሕረት ሊያደርግ ይችላል። የእናት ሕመም ግን የሩቅ ሕመም ነው።

አሁን ወደ ረቂቁ ክፍል ደረስን። መርከቡ ወደ ሲያትል ከመመለሱ በፊት በመጨረሻው ማታ የካናዳ ወደብ ወደ ሆነችው ወደ ቪክቶሪያ ጎራ ይላል። ቪክቶሪያ ባዕድ ምድር ናትና፣ ሰውዬው የመርከቡን ሹማምንት አስፈቅዶ፣ የካናዳንም ድንበር ጠባቂ አነጋግሮ ከዚያ ቢወርድ በዚህ ሕግ አንዳች ዕዳ የለበትም። በሀገሩ መሬት መውረድ የሚያስቀጣው ዜጋ በሰው ሀገር መሬት እንደ ልቡ ይወርዳል። ነገር ግን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያው የሚመለስ ሽርሽር ፓስፖርት አያስፈልገውም ተብሎ ስለ ተፈቀደ፣ ብዙ መንገደኛ የሚሳፈረው የልደት ወረቀቱንና መታወቂያውን ብቻ ይዞ ነው፤ በሲያትል የሚኖር ዜግነት የወሰደ ወገናችን ከሆነ ደግሞ በልደት ወረቀቱ ፈንታ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን። ይህ ወረቀት የሚያገለግለው ከመርከቡ ጋራ አብሮ ለሚመለስ ነው፤ ከቪክቶሪያ በአይሮፕላን ወደ ሲያትል ልብረር ያለ እንደ ሆነ ፓስፖርት ይጠየቃል። እንዲህም ሆኖ፣ ወረቀቱ በቂ በሆነበት ወደብ መውረድ አይፈቀድለትም፤ መውረድ በተፈቀደለት ወደብ ወረቀቱ በቂ አይደለም። ይህን ያህል የተስማማ ሥራ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሳይመካከሩ ሠሩት ቢባል ማን ያምናል?

የሕጉ ዓላማ የአሜሪካን መርከቦች ከባዕድ ተሻሚ መጠበቅ ነው። በአሜሪካ ወደቦች መካከል መንገደኛ ለማመላለስ መርከቡ በአሜሪካ የተሠራ፣ በአሜሪካውያን የተያዘና የአሜሪካ ባንዲራ ያለው መሆን ይገባዋል። የወንዙንና የባሕር ዳርቻውን ትንንሽ መርከቦች ትተን፣ ከታላላቆቹ የውቅያኖስ ሽርሽር መርከቦች መካከል ይህን መዓርግ ያገኘችው በሃዋይ ደሴቶች መካከል የምትመላለሰው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ አንዲቱ ብቻ ናት። እርሷም ብትሆን አካሏ በሚሲሲፒ ግዛት በፓስካጉላ ተዠምሮ፣ ያዘዛት ኩባንያ በ2001 ስለ ከሠረ፣ ውቅያኖስ ለውቅያኖስ ተጎትታ በጀርመን ሀገር በብሬመርሃቨን የተፈጸመች ናት፤ በ2003 ምክር ቤቱ በልዩ ሕግ አጥምቆ አሜሪካዊት አሰኛት። ብዙዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ጽሕፈት ቤታቸውን በማያሚ ተክለው መርከቦቻቸውን በባሃማስ፣ በፓናማና በቤርሙዳ ስም ያስመዘግባሉ። ስለዚህ ሕጉ ከመቶ ዓመት በላይ በር ቆሞ የጠበቀው ሀብት አንዲት ጀርመን ሠራሽ መርከብ መሆኗ ነው፤ ታማኝነት ይሉሃል ይህ ነው።

መርከቡ በመንገዱ ባዕድ ወደብ ከረገጠ ክልከላው ሊነሣለት ይችላልና፣ የጉምሩክ ሊቃውንት የሕጉን አንድምታ ሲተረጕሙ ባዕድ ወደብን «ቅርብ»ና «ሩቅ» ብለው ለሁለት ይከፍሉታል። ሰሜን አሜሪካ፣ መካከለኛው አሜሪካ፣ ቤርሙዳና የካሪቢያን ደሴቶች ቅርብ ናቸው፤ ከደሴቶቹ መካከል ግን አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳው ተለይተው ሩቅ ተብለዋል፤ ደቡብ አሜሪካም ሩቅ ነው። ስለ ሆነም ከሳን ዲዬጎ ተነሥቶ በፓናማ ቦይ አልፎ ፍሎሪዳ የሚደርስ የባዕድ መርከብ መንገደኞቹን በሰላም ለማውረድ ከሩቅ ወደብ መድረስ ግዴታው ነው። ፓናማ ቅርብ ናትና አትበቃውም፤ ከፓናማ የአንድ ቀን መንገድ የሆነችው የኮሎምቢያ ወደብ ካርታኼና ግን ሩቅ ናትና ታድነዋለች። ተነሥቶ ወደ ተነሣበት ለሚመለስ መርከብ የቅርቡም ወደብ ይበቃዋል፤ ከካሊፎርኒያ ሃዋይ ደርሶ የሚመለሰው መርከብ ሜክሲኮ ኤንሴናዳ ላይ ለጥቂት ሰዓት የሚቆመው ስለዚህ ነው። ከሆኖሉሉ የሚነሡ መርከቦችም በአንድ ወቅት ሃዋይን ለማስጐብኘት ሲሉ ወደ 1 ሺህ ማይል ያህል ወደ ደቡብ ወርደው ኪሪባቲ ውስጥ ያለችውን ፋኒንግ የተባለች ደሴት ይሳለሙ ነበር። የተቃጠለው ነዳጅ ለሕጉ እንደ ዕጣን ያርግለታል።

ነቢዩ ዮናስ በዚህ ዘመን ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠው እንደ ነበር አስባለሁ። ዋጋውን ከፍሎ ከኢዮጴ ተሳፈረ፤ ተርሴስ ሳይደርስ በመንገድ ወረደ፤ ወደ የብስም ያደረሰው ሌላ ተሸካሚ ነው። የዚህ ሕግ ጠባቂ በዳርቻው ቢያገኘው ኖሮ ስለ ነነዌ ኃጢአት ከመስማቱ በፊት ዓሣ አንበሪው የት እንደ ተሠራና በማን ባንዲራ እንደሚዋኝ በጠየቀው ነበር።

በ2021 ካናዳ ስለ ወረርሽኙ ወደቦቿን ለሽርሽር መርከቦች ስትዘጋ ቪክቶሪያን መሳለም ስላልተቻለ የአላስካ ነጋዴዎች ጮኹ፤ ምክር ቤቱም ለጊዜው የሚያገለግል ልዩ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ባይደንም በሜይ ወር ፈረሙበት። በዚያ በጋ መርከቦቹ ካናዳን ሳይረግጡ ከሲያትል አላስካ ደርሰው ተመለሱ። አሜሪካም በዚያ ምክንያት አልጠፋችም። ይህ ለሕጉ ክብር የሚያሳፍር ነገር ስለ ሆነ፣ ካናዳ ወደቦቿን በከፈተች ጊዜ ሁሉም ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ከሲያትል የምትሳፈር እንደ ሆነ ሕጉ ዛሬም ጸንቶ ይጠብቅሃልና አያስፈልግም ቢሉህም ፓስፖርትህን ያዝ፤ በመንገድ መውረድ ካሰብህም ለመርከቡ ሹማምንት አስቀድመህ በጽሑፍ አመልክት። እናትህንም፣ የሚታመሙ ከሆነ፣ መርከቡ ቪክቶሪያ በገባ ማታ ይሁን ብለህ አደራ በላቸው።