በረካን በአቦል ዋጋ

ምስጋና ለጉዞ ሻጮች ይሁን! ድሮ ገዢ ሲከፋው ሻጭ ያፍር ነበር። ያ ኋላ ቀር ልማድ ቀርቶ ዛሬ ገዢ ሲከፋው ሻጭ ይመክረዋል። «አገልግሎቱስ ደህና ነው፤ እርስዎ ብዙ ጠብቀው ነው እንጂ» ይለዋል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ንስሐ አባት። የጥበቡ ስም «ግምትን መመጠን» ነው። ቀብድ በሚከፈልበት ቀን ግን ግምት አይመጠንም። ያን ዕለት ግምት እንደ ሠርግ ድንኳን ይወጠራል፤ የሚመጠነው ብሩ ከገባ፣ ደረሰኙ ከተቆረጠ በኋላ ነው። እናቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ሲሉ የኖሩት ዘመናዊውን አሠራር ስላልደረሱበት ይሆናል። ዛሬ ድስቱ ይጣዳል፣ ገዢው ያለቅሳል፣ ሻጩም ከዚያ ወዲያ ስለ መመጠን ያስተምራል።

ጥበቡ የእኛ ብቻ ነው ብለን እንዳንኮራ፣ ባሕር ላይም ደርሷል። በ2015 ዓ.ም. «ላይፍ አት ሲ» የተባለ፣ ዓለምን የሚዞር የመርከብ ጉዞ ለገበያ ቀረበ። ሦስት ዓመት፣ 1,095 ቀን፣ 382 ወደብ፣ ከ130 በላይ አገር። ቤቱን ሸጦ፣ ዕቃውን ለዘመድ በትኖ የተመዘገበም ነበር። መነሻው ኢስታንቡል፣ ጊዜው ጥቅምት 2016። ቀኑ ሲቃረብ አንዲት ትንሽ ነገር መጉደሏ ታወቀ፤ መርከቧ። አዘጋጆቹ ሊገዟት ያሰቧትን መርከብ ሌላ ድርጅት ቀድሟቸው ኖሮ ጉዞው በኅዳር ተሰረዘ። እኛ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያልን ስንተርት ኖረናል፤ እነሱ ወተቱን በሊትር ሸጠውታል።

ብዙም ሳይቆይ «ቪላ ቪ ኦዲሲ» የተባለች ሌላ መርከብ ለዓመታት የሚዘልቅ የዓለም ዙር ጉዞ ልትጀምር ተሰናዳች። ይህቺኛዋስ በእርግጥ ነበረች። ነበረች፣ ግን ቤልፋስት ወደብ ላይ ለጥገና እንደቆመች አራት ወር ያህል ከረመች። ዓለምን ሊዞሩ የተመዘገቡት ሰዎች ቤልፋስትን በደንብ ዞሯት።

ወደብ የሌለው ሕዝብ ከዚህ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ወደብ ባይኖረን መናኸሪያ አለን። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፎ፣ የጊቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ሶኮሩንና አሰንዳቦን ተሻግሮ ይደርሳል። የመርከብ ጉዞ ሻጮቹን ሥራ የሚሠራው ረዳት ከበሩ ተንጠልጥሎ «ጅማ! ጅማ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» ይላል። ያ አንድ ሰው ገብቶ ይቀመጣል፤ ጥሪው ግን አያባራም። አንድ ጊዜ ከእነዚያ አንድ ሰዎች ሰባተኛው እኔ ነበርኩ። በረዳት ሂሳብ «አንድ» ማለት ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ሁሉ ያቅፋል፤ ቅር የሚለው ተሳፋሪ ካለ ችግሩ ትምህርት ቤት ቁጥር መማሩ ነው።

በአንድ ክረምት የአክስቴ ልጅ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከካናዳ መጣች። ስሙን ከማልጠራው አስጎብኚ ድርጅት «የቡና መገኛ ልዩ ጉዞ» የተባለ የአምስት ቀን ፓኬጅ ገዛች። እኔም አስተርጓሚ፣ ሻንጣ ጠባቂና ቅሬታ አድማጭ ሆኜ ተከተልኩ። ብሮሹሩ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፍሬው እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ አንዲት ቆንጆ ቅርጫቷን ይዛ ትሥቃለች። ከሥሩ «ቀዩን የቡና ፍሬ በገዛ እጅዎ ይልቀሙ» ይላል። ወሩ ሐምሌ ነበር።

የጅማ ሰው እዚህ ላይ መሣቅ ጀምሯል፤ ለሌላው ላስረዳ። በጅማ ዙሪያ ቡና የበልጉን ዝናብ አይቶ ያብባል፣ ክረምቱን አረንጓዴ እንደሆነ ይከርማል፤ ለቀማው ባመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በሐምሌ ከቡና ማሳ የሚለቀም ነገር ቢኖር ጭቃ ነው። ፈረንጅ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ ፍሬው በሐምሌ እንዲቀላ ድርጅቱ ወስኗል። ውሳኔው ለቡናው አልደረሰውም።

ሊሙ ገነት አካባቢ ከአንድ ማሳ ስንደርስ ትልቁ ልጅ ፍሬውን አገላብጦ አየና «አረንጓዴ ነው እኮ» አለ። አስጎብኚው ጃንጥላውን ወደ ልጁ ዘንበል አድርጎ «እየቀላ ነው፤ ሦስት ወር ብቻ ነው የቀረው» አለው። ረዳቱ ትዝ አለኝ።

በማግሥቱ በአጋሮ በኩል ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ገባን። እረኛው ካልዲ፣ ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲፈነጥዙ ያየው እዚሁ ነው ተባልን፤ ቆመን ፎቶ ተነሣን። በሦስተኛው ቀን ቦንጋ ወረድን። ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ያላት ከተማ ናት፤ እዚያም ሌላ አስጎብኚ፣ በዚያው ወኔ፣ ቡና የተገኘው በካፋ፣ ማንኪራ ጫካ መሆኑን ማለልን። ትንሿ ልጅ ጣቷን አውጥታ «ስንት ጊዜ ነው የተወለደው?» አለች። ሰውየው ጥቂት አሰበና «ፓኬጃችሁ ሁለቱንም ያካትታል» አላት።

የሚያናድደው፣ እውነቱ ከተረቱ ይልቅ የሚያስደንቅ መሆኑ ነው። ዓረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ማንም ሳይተክለው በዱር ይበቅላል። የካፋና የያዩ ደኖች በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሆነው የተመዘገቡትም ይህንኑ ሀብት ይዘው ነው። ከካናዳ ድረስ የመጣ ሰው ይህን ቢነግሩት አፉን ከፍቶ ይሰማ ነበር። ግን ደን በብሮሹር ላይ ቦታ ይፈጃል፤ ፍየል ትንሽ ናት፣ ትሥቃለችም።

ሆቴላችንም «24 ሰዓት ሙቅ ውሃ» ይል ነበር። ማታ ቧንቧውን ከፍተን ቅዝቃዜው አጥንት ሲሰብር እንግዳ ተቀባዩን ጠየቅነው። «24 ሰዓት ነው፤ መብራት ካለ» አለን። መብራቱስ? «እሱ የእኛ አይደለም።» ስንመጣ አስጎብኚው መኪናውን አስቁሞ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድን የግድብ ሐይቅ በኩራት አሳይቶን ነበር። ትንሿ በሻማው ዙሪያ «ውሃውን አይተነዋል፤ መብራቱ የት ሄደ?» አለች። እናቷ ብርድ ልብሱን እየሳበች «ግምትሽን መጥኚ» አለቻት። ሥልጠናው መያዝ ጀምሮ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎበኘን። ስለ ግምት መመጠን ከተነሣ፣ ጅማ ከእሳቸው የበለጠ ሊቅ ያላት አይመስለኝም። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 እ.ኤ.አ. ነግሠው፣ በ1932 እስኪሞቱ ድረስ ዙፋናቸው ላይ የከረሙት ከአፄ ምኒልክ ጋር ጦር ስላልተማዘዙ ነው። የሚከፍሉት ግብር ታወቀ፣ በምላሹ የሚቀርላቸው የውስጥ አስተዳደርም ታወቀ። ግብሩ ገባ፣ አስተዳደሩም ቀረላቸው። ሰጥቶ መቀበል ማለት ይህ ነው። ያንን ውል የዛሬ አስጎብኚ ድርጅት አርቅቆት ቢሆን ኖሮ «ልዩ ነጻነት» የሚለው በትልቁ ይጻፍና ከግርጌው በትንሹ «እንደ ሁኔታው» ይባልበት ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሰን ቅሬታ ልናቀርብ ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ሻይ አስመጣልን፤ የቡና መገኛን የሚሸጥ ቢሮ ቡና አያፈላም። ነገራችንን ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማና «እናንተ ያያችሁት እውነተኛዋን ኢትዮጵያ ነው» አለ። «ጭቃው፣ ሻማው፣ ቀዝቃዛው ውሃ። ሌላው ይህን ለማየት ተጨማሪ ይከፍላል።» ሂሳቡን እንዳያስተካክልብን ፈርተን ቶሎ ወጣን።

ለሻጮች ጥብቅና የሚቆም ሰው «እውነቱን ቢናገሩ ማን ይገዛቸዋል?» ይላል። ይህን በጅማ ምድር ላይ ቆሞ መጠየቅ ድፍረት ነው። ከዚህ አገር በዓለም ገበያ ስሙ ከሚጠራው ደረቅ ቡና አንዱ «ጅማ 5» ይባላል። አምስቷ ዝቅ ያለ ደረጃው ናት፤ ቡናው ጉድለቱን እንደ አያቱ ስም አስከትሎ ይጠራል። ናሙናው ይዘገናል፤ ጥቁሩ፣ የነቀዘው፣ የተሰበረው ፍሬ በእጅ እየተለቀመ ይቆጠራል፤ ቀማሽ አፍልቶ ይቀምሰዋል። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚቆረጠው። የመጣው ጭነት ከናሙናው ካልገጠመ ጠብ ነው። ይህ ቡና ጉድለቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ ስንት ባሕር ተሻግሯል! ላኪውም ለገዢው «ግምትህን መጥን» ብሎ ደብዳቤ አይጽፍለትም፤ ቁጥሩ ቀድሞ መጥኖለታል።

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ፣ መልኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በ1960ዎቹ የቡና ፍሬ በሽታ ገብቶ ማሳውን ሲያራቁት፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጠው፣ ፈትነው ለገበሬ ሰጡ። ከእነዚያ ስመ ጥሩው 74110 ነው። 74ቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተመረጠበት ዓመት ነው፤ የቀረው የመለያ ቁጥር። «ልዩ» አልተባለ፣ «ንጉሣዊ» አልተባለ፣ «የማይረሳ» አልተባለ። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ቁጥሩን ብቻ ይዞ የገበሬውን ጓሮ ሞልቶታል። አንድ የቅጽል ባለሙያ ቢቀጥሩለት ኖሮ ምናልባት እስካሁን ብሮሹር ላይ ብቻ ይበቅል ነበር።

እኔም እላለሁ፤ ጉዞም እንደ ቡናው ይቀመስና ደረጃ ይውጣለት። «ጅማ 5 ጉዞ፦ ሐምሌ፤ ፍሬው አረንጓዴ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፤ ሙቅ ውሃ መብራት ካለ፤ የቡና መገኛ ሁለት፤ ዋጋው በዚያው ልክ።» እምላለሁ፣ ይህን የሚገዛ ሞልቷል። የአክስቴ ልጅም ትገዛው ነበር። የናፈቃት የአገሯ ዝናብ ነበር፤ ዝናቡ ደግሞ ከፓኬጁ ውስጥ ሳይሸራረፍ የደረሰን ብቸኛው ነገር ነው።

አምስተኛውን ቀን አልነገርኳችሁም። አጋሮ አቅራቢያ ዶፍ ወርዶ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። አንዲት እናት ከጎጇቸው ደጃፍ ሆነው «ኑ፣ ግቡ! ልጆቹ እንዳይበርዳቸው» ብለው ጠሩን። ገና ሳንቀመጥ «ቡናው የአምና ነው፤ የዘንድሮው ገና ነው» አሉን። ከእሳቸው በቀር ማንም እንዲህ ብሎን አያውቅም፣ አምስት ቀን ሙሉ። ዓይናችን እያየ አጠቡት፣ ቆሉት፤ ምጣዱን ከነጭሱ በየተራ ወደ አፍንጫችን አቀረቡልን። ናሙና ማለት ይኸው ነው። አቦሉ ወፍራም መጣ። ቶናው ለስለስ አለ። ሦስተኛውን ሲቀዱ «በረካ ነው እንግዲህ፣ ቀጠን ብሏል» አሉ። አምስት ቀን ሲነጫነጭ የከረመው የካናዳው አማች ሲኒውን ግጥም አድርጎ ጠጣና ኪሱን ዳበሰ። እናትየው ተቆጡ፤ «እንግዳ አይደላችሁም ወይ!»

አስጎብኚው ከጥግ ሆኖ በስልኩ ሲቀርጽ ነበር። በወሩ የድርጅቱ አዲስ ብሮሹር ደረሰኝ። ሰማዩ አሁንም ጥርት ብሏል፣ ፍሬው አሁንም ቀልቷል፣ ወሩም ያው ሐምሌ ነው። አንድ መስመር ብቻ ተጨምሯል፤ «ድንገተኛ የቡና ግብዣ በገበሬ ጎጆ፦ አምስተኛ ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ በተጨማሪ ክፍያ።»