ባለቤቱ የጠፋ ግስ

አማርኛ ለሕመም ባለቤት አይሰጥም። «ልጁ መታኝ» ካልህ ልጁ አለ፤ ተይዞ ይቆነጠጣል። «ወገቤን አመመኝ» ስትል ግን ማን ነው ያመመህ? ወገብህን ተሳቢ አድርጎ፣ አንተን ጭራው ላይ በ«ኝ» አንጠልጥሎ፣ ራሱ የተሰወረ አንድ «እሱ» አለ። 26 ዓመት ደብረ ማርቆስ ላይ አማርኛ ሳስተምር ይህችን ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ተማሪዎቼን «ባለቤቱን አውጡ!» እያልሁ ሳስጨንቅ ኖሬአለሁ። የእነሱ እንባ ደረሰብኝ መሰል፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እኔው ራሴ ባለቤቱን ፍለጋ ዞርሁ። (የግሱን ማለቴ ነው። የቤቴ ባለቤት ጠፍታም አታውቅ፣ ዝም ብላም አታውቅ።)

ነገሩ የጀመረው በጠመኔ ነው። ሰው ወገቡ የሚያዘው ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ከሆነ ቢያንስ የሚያወራው ታሪክ ይኖረዋል። እኔ የወደቀች ጠመኔ ላነሣ ጎንበስ አልሁ፤ ቀና ማለት እንቢ አለኝ። ተማሪዎቹ የጠፋኝ ነገር ያለ መስሏቸው አብረውኝ ወለሉን ማየት ያዙ። በመጨረሻ ሁለት ጎረምሶች እንደ ታቦት አጅበው በባጃጅ ቤቴ አደረሱኝ።

ጎጃሜ ሲታመም ከሐኪም ቀድሞ የሚደርስለት ቡና ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ ስለ ሕመሙ ይመክርለታል። ጆን ቦኒካ ስለሚባል ትውልደ ጣልያን አሜሪካዊ ሐኪም ያነበብሁት በኋላ ነው። የሕክምና ትምህርቱን የተማረው በነጻ ትግል ባገኘው ገንዘብ ሲሆን፣ ትግሉ ያደቀቀው ገላ ዕድሜ ልኩን አሠቃይቶታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም ሥር የሰደደ ሕመም ላንድ ሐኪም ብቻ የማይበገር መሆኑን አየና፣ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሐኪሞች ባንድነት ተቀምጠው ስለ አንድ በሽተኛ እንዲመክሩ አደረገ። በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፉ ለሕመም ሕክምና መሠረት ሆኗል። መቼም ትልቅ ሰው ነው፤ አልነካውም። ግን ያንን ዘዴ እኛ ረከቦት ከጠረብን ጀምሮ እናውቀዋለን።

እኔም ቤት ያን ዕለት ማታ ጉባኤው ተሟላ። እናቴ «ብርድ ነው» አለች። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ፣ ያውም የጮቄ ነፋስ ቁልቁል በሚነፍስባት፣ ይህን ማስተባበል አይቻልም። የደብረ ማርቆስ የጥንት ስሟ መንቆረር ነው፤ ከ«ቁር» የመጣ ይመስለኛል፤ የሥርወ ቃል ሊቅ ባይስማማ ወገቤ ይመሰክርልኛል። እታለም ጎረቤታችን ግን «ምን ብርድ! ምች ነው እንጂ!» ብላ ዳማከሴ ልትቆርጥ ወደ ጓሮ ሄደች። የግቢያችን ተከራይ የባንክ ሠራተኛ ነውና ነገር በሒሳብ ያያል፤ «ውኃ አይጠጣም፣ ኩላሊቱ ነው» አለ። ዋሸራ ቅኔ የተማሩት መሪጌታ እስከ ሦስተኛ ድረስ ዝም ብለው ቆዩና «መምህር፣ ሕመም ሰም ነው። ወርቁን ያላገኘ ሐኪም ሰሙን ሲያቀልጥ ይውላል» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። መድኃኒት የሰጠኝ ግን አልነበረም፤ ከእታለም ዳማከሴ በቀር። እሱም አፍንጫዬን ከፈተልኝ፤ አፍንጫዬ ግን ድሮም አልተዘጋም ነበር።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄድሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ካርድ አውጥቶ ተራ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። ንጋት 12 ሰዓት ተሰልፌ 5 ሰዓት ገባሁ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ዐይኑ ከወረቀቱ አይነሣም።

«ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ቢሰጡት ስንት ይሆናል?»

መምህርን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ደግ አይደለም። እኔ በዘመኔ 10 ከ10 ሰጥቼ አላውቅም፤ ለራሴ ወገብ ብዬ ሥርዓት ላፈርስ ነው? ጥቂት አስቤ «6» አልሁ። ለእኔ 6 ደኅና ውጤት ነው። ለእሱ ግን «መካከለኛ» ኖሯል፤ ዳይክሎፌናክ ጽፎ ሸኘኝ። ከኋላዬ የነበሩ ከስናን የመጡ ገበሬ ይህንኑ ሲጠየቁ በሩ ክፍት ነበርና ሰማሁ። «በምን ይሰፈር ልጄ? በቁና ነው በእንቅብ?»

ዳይክሎፌናኩ ለአንድ ሳምንት ወገቤን ዝም አሰኘልኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጨጓራዬን አስነሣብኝ። አሁን ግሱ ሁለት ተሳቢ አገኘ፤ ባለቤቱ ግን እንደጠፋ ነው።

ከዚያ ወጌሻው ተጠሩ። ስለ ወጌሻ የሚወራውን ክፉ አውቃለሁ፤ የተሰበረ እግር አጥብቀው አስረው ለመቆረጥ ያበቁ እንዳሉም አውቃለሁ። የእኔው ግን የሚሰብሩትም የሚያስሩትም አላገኙም። በግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ አሹኝ። ሚስቴ ከወገቤ ይልቅ በቅቤው አዝና አጠገባችን ቆማ ነበር። «ሥር ዞሮብሃል» አሉ። የቱ ሥር፣ ወዴት ዞሮ፣ ብዬ አልጠየቅሁም። አንድ ነገር ግን ልብ አልሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያመኝን ቦታ በእጁ የነካ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሐኪሙ የነካው እስክሪብቶውን ነው።

ጠበልም ገባሁ። ሰባት ቀን፣ ከነጋ በፊት፣ የአንድ ሰዓት ዳገት ወጥቼ ከጮቄ ሥር በሚወርድ ውኃ ስጠመቅ ሰነበትሁ። ቅዝቃዜው ሌላ ሕመም የማስታወሻ ጊዜ አይሰጥም። በሰባተኛው ቀን ተሽሎኝ ወረድሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት፣ የሴሚስተር ፈተና ሳርም ስቀመጥ፣ ተመልሶ መጣ። መሪጌታ «እምነትህ ጎድሎ ነው» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «ፈተናው ብዙ ነበር?» አሉኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በዚህ መካከል የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። «ጋሼ፣ ኤም አር አይ መነሣት አለብህ» አለ፤ ትኬት እንደ መቁረጥ አቀለለው። ያኔ መንገዱ እንደ ልብ ነበር። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለወገብ በሽተኛ ግን ርቀቱ የሚለካው በዓባይ በረሃ ጥምዝ ነው። ከደጀን ቁልቁል ስንወርድ እያንዳንዷን ጥምዝ አከርካሪዬ መዘገበ፤ ጃፓኖች በሠሩት ድልድይ ላይ ስንሻገር ብቻ ትንሽ ተነፈስሁ፤ ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ወገቤ ለካርታ ሥራ የሚበቃ እውቀት ነበረው።

ኤም አር አይ ማለት ወፍጮ ቤት ውስጥ በቁምህ ተገንዘህ እንደ መተኛት ነው። ውጤቱ መጣ፤ በወገቤ አራተኛና አምስተኛ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ «መጠነኛ መውጣት» ይታይበታል። ደስ አለኝ! ባለቤቱ ተገኘ! ለእናቴ ደወልሁ፣ ለመሪጌታ ደወልሁ። አንዱ የአጥንት ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ «ይቆረጣል» አለኝ። ሌላው የነርቭ ሐኪም ያንኑ ፊልም ያንኑ መብራት ላይ ሰቅሎ «ማንም እንዳይነካህ» አለኝ። በአማርኛ ሁለት ምሁራን ባንድ ቃል ሳይስማሙ ሲቀሩ መጽሔት ላይ ይሰዳደባሉ፤ በሕክምና ግን በየተራ ያስከፍላሉ። የነርቩ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን የምትባል ትንሽ እንክብል ጻፈልኝ። የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው» አለኝ። ወገቤን ብዬ ሄጄ አእምሮዬን ሊያክሙኝ ነው! እንክብሏን ኮቴ ኪስ ውስጥ ቀበርኋት። ሚስቴ ኮቱን ስታጥብ አገኘቻትና፣ ሰፈሩ ሁሉ ለአንድ ወር ያህል እንደ እብድ እየራቀ፣ እንደ ዕቃ እየተጠነቀቀ ሰላም አለኝ።

ሰባት ሐኪም ቆጥሬአለሁ። ስምንተኛዋ እዚሁ ከተማችን ናት። ስገባ እኔም እንደ ሌላው «ሲስተር» ብያታለሁ፤ ሴት ሐኪም ሁሉ ሲስተር የሆነችበት አገር ነው፤ እሷ ለምዳዋለች፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ዓባይን ተሻግራ የመጣች የወለጋ ልጅ ናት። አማርኛዋ ትክክል ነው፤ የጎጃምን ጓዳ ግን ገና አላየም።

«እንዴት ነው የሚያምዎት?»

«ይጠዘጥዘኛል።»

«ይጠዘጥዘኛል ማለት ምን ማለት ነው?»

እስቲ አስቡት። ሰባቱ በአማርኛ አፍ የፈቱ ስለሆኑ «ይጠዘጥዘኛል» ስላቸው ሁሉም «እሺ» ብለው አልፈውታል። የሚያውቁትን ቃል ማን ይጠይቃል? እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ያስተማርሁት 26 ዓመት ለዚች ቀን ኖሯል! ጠዘጠዘ ማለት፣ አልኋት፣ እንደ እባጭ ነው፤ ከውስጥ እየመታ ሌሊት አያስተኛም፤ ይህ ወገቤ ላይ ነው። መዘመዘ ግን ውሻ አጥንት ሲግጥ ዐይነት ነው፤ አይቸኩልም፤ ይህ ዳሌዬ ላይ፣ ብዙ ስቀመጥ። ነዘረ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነክቶ እንደ መልቀቅ ነው፤ እግሬን ይዞ እስከ አውራ ጣቴ ይወርዳል። ውርር ማለት ጉንዳን ሲሄድብህ ነው። ቆረጠመ፣ ወጋ፣ ሰቀዘ... «ቀስ ይበሉ» አለችኝ፤ እየጻፈች ነው።

ሮናልድ ሜልዛክ የሚባል ካናዳዊ ሊቅ በ1975 እ.ኤ.አ. በሽተኞች ለሕመማቸው የሚሰጧቸውን 78 ቃላት በ20 ወገን ከፋፍሎ መጠይቅ እንዳደረጋቸው በኋላ አነበብሁ። ቀናሁበት። እኔና መሪጌታ አንድ ቅዳሜ በአማርኛ ለመልቀም ተቀምጠን 31 ላይ ደረስን፤ ከዚያ አማቴ ከጓዳ ሆና አራት ጨመረችልን።

ወደ ሐኪሟ ልመለስ። ቃሉን ከጨረስን በኋላ አስነሣችኝ። በተረከዜ አስኬደችኝ፣ በጣቶቼ አስኬደችኝ፣ አጋድማ እግሬን ቀጥ አድርጋ አነሣች፣ ጉልበቴን በመዶሻ መታች። ሽንት ይቸግርዎታል? ከስተዋል? ትኩሳትስ? በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ? ውጭ ያለው ሰልፍ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ፊልሙን አሳየኋት፤ አየችውና ከአልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸው 98 ሰዎች በኤም አር አይ ታይተው፣ ዲስካቸው በየትኛውም ቦታ እንከን ያልተገኘበት 36 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ነገረችኝ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። እኔ ያንን ፊልም ስንት ብር አውጥቼበት፣ በፍሬም ልሰቅለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ታዲያ ያመመኝ ማን ነው?» አልሁ፤ የሰዋስው ጥያቄ መሆኑን አልነገርኋትም።

ሳቀች። «በእኛ ቋንቋ ‹ሙዺን ና ዹኩባ› ነው የምንለው። ወገቡ ራሱ ነው የሚያመው።»

ደነገጥሁ። ኦሮምኛው ወገብን ባለቤት አድርጎታል! ዓባይን ተሻግሮ 26 ዓመት የፈለግሁት መልስ ቁጭ ብሏል፤ እኔ በዚያ ያለፍሁት ጥምዝ ስቆጥር ነው።

ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ ነው አለችኝ። ጉዳቱ አልፎም ነርቩ መጮኹን አይተውም። ጅቡ ከሄደ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮኽ ውሻ ማለት ነው ወይ አልኋት፤ «እሱን ልጻፈው» አለች። ያቺ የተቀበረች እንክብልም በትንሹ ስትወሰድ ለውሻው እንጂ ለእብደት አይደለም። ከዚያ ትእዛዙ መጣ፤ መተኛት የለም፤ በየቀኑ የእግር መንገድ፣ ዳገት ቢሆን ይመረጣል፤ ፈተና ሲታረም በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት፤ የወገብ እንቅስቃሴ የሚያሠራ ባለሙያ። «ወደ 0 አወርድልዎታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም» አለች። 0 ሰጥቼም አላውቅምና ተስማማን።

ለመሪጌታ የጠበሉን ነገር አወራኋቸው። «ለካ ያሻለኝ ዳገቱ ነው» አልሁ። «ዳገቱን ያስወጣህስ ማን ነው?» አሉኝ። በዋሸራ ሰው ላይ ጥያቄ አይሞከርም።

አልዳንሁም። የስድስት ክፍል ተማሪዎች ፈተና በመጣ ቁጥር ውሻው ይጮኻል፤ እኔም ተነሥቼ እሄዳለሁ። በቀደም ከመንገድ ስመለስ ሚስቴ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ትከሻዬን አመመኝ» አለች።

የተማርሁትን ላሳይ ጊዜው ደርሷልና ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። «እንዴት ነው የሚያምሽ?»

«ይመዘምዘኛል።»

ጻፍሁ። «መቼ መቼ ይብስብሻል?»

«ማታ ማታ።»

«ባለቤቱ ማን ይመስልሻል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ነሃ! ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ወገብህን ሳሽ!»