«ኦሪጅናል ነው?»

እንግሊዝ አገር በጋ ሲገባ፣ እሑድ እሑድ፣ የድሮ የስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰቡና ኮፈን ከፍተው ይቆማሉ። ተመልካቹ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተንጎራደደ ይመጣል፤ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ያያል፤ ከዚያ «ኦሪጅናል ነው?» ይላል። ይነሳል ወይ፣ ዳገት ይወጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልሱ «አዎ» ከሆነ ባለቤቱ ደረቱን ነፋ አድርጎ ዝም ይላል። «አይደለም» ከሆነ ግን ማብራሪያው ይረዝማል፤ መደምደሚያውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሞተሩን የቀየረው እሱ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ነው። የቀድሞ ባለቤት የሚባለው ፍጡር በዚህ ምድር ላይ ያልሠራው ጥፋት የለም።

ይህ ጥያቄ አብዝቶ ከሚያሳቅቃቸው ሰዎች መካከል የትራያምፍ ስታግ ባለቤቶች ይገኙበታል። ስታግ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ የነደፋት፣ በ1970 ገበያ ላይ የዋለች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ አራት ሰው የምትይዝ ቆንጆ ናት። በማግስቱ ዓመት ጄምስ ቦንድ ሳይቀር በፊልም ነድቷታል። መንገድ ላይ ሳትፈላበት የቀረችው ፊልም ስለሆነ ነው።

ጉዱ ያለው ከኮፈኑ ሥር ነው። የትራያምፍ ፋብሪካ ለእሷ ብሎ ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሠራላት። የውሃ ፓምፑን ከላይ ሰቀለው፤ ስለዚህ ውሃው ትንሽ ጎደል ሲል ፓምፑ ባዶውን ይሽከረከራል። የቴስታታውን ብሎኖች ግማሾቹን ቀጥ፣ ግማሾቹን ጋደም አድርጎ አስገባቸው፤ ዝገት ከያዛቸው ቴስታታውን ለማንሳት የመካኒክ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የመካኒክ ጸሎትም ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አንዳንዱ ሞተር ብረቱ ቀልጦ የፈሰሰበትን የቅርጽ አሸዋ በውሃ መሄጃው ውስጥ እንደያዘ ከፋብሪካ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል፦ ሙቀት ይጨምራል፣ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ቴስታታ ይጣመማል፣ ባለቤቱ ገንዘብ ይበደራል። ታይም መጽሔት በ2007 የዘመናት 50 መጥፎ መኪኖች ብሎ በዘረዘረበት ጊዜ ስታግን አልረሳትም።

የሚያስቀው ደግሞ መድኃኒቱ እዚያው ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ትራያምፍና ሮቨር ከ1968 ጀምሮ በብሪቲሽ ሌይላንድ ሥር አንድ ቤተሰብ ነበሩ። ሮቨር ከአሜሪካው ጀነራል ሞተርስ መብቱን የገዛው፣ ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ባለ 3.5 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ተፈትኗል፣ ቀላል ነው፣ ይሠራል። የትራያምፍ ሰዎች ግን የራሳችን አለን አሉ። ኩባንያው ያልፈለገውን ሥራ በኋላ ባለቤቶቹ በየጋራዡ ሠሩት፤ የትራያምፍን ሞተር አውርደው የሮቨርን ጫኑበት። የወረደው ሞተር ጥግ ላይ ተጣለ፣ ወይም በኪሎ ተሸጠ።

የስታግ ምርት በ1977 ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ጥበቡ የተገለጠው፦ የውሃ መሄጃው በደንብ ይጠብ፣ ራዲያተሩ በትልቅ ይተካ፣ ዝገት የሚከለክል ፈሳሽ ይጨመር፣ ካቴናው ሳይበጠስ በጊዜው ይቀየር። ይኸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያ ሁሉ ስድብ የወረደበት ሞተር ሰው መሆን ጀመረ፤ ኦሪጅናል ሞተር ያላት ስታግ ከተቀየረባት እኅቷ የተሻለ ዋጋ ታወጣለች። ስለዚህ ትናንት የትራያምፍን ሞተር አውጡልኝ ያለው ሰውዬ ዛሬ መልሱልኝ ይላል። መካኒኩ ለማውጣት ተከፍሎት ነበር፤ ለመመለስም ይከፈለዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ቀን ያልተሳሳተው እሱ ብቻ ነው።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ነገሩን ወደ ቁጥር አወረዱት። የቆየ ሼቭሮሌ ኮርቬት የሚገዛ ሰው የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዞ ይመጣል፤ በሞተሩ ብሎክ ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልጎ ከሻንሲው ቁጥር ጋር ያመሳክራል። እኛ አገር የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው መኪናው የሌባ እንዳይሆን ነው። እዚያ ግን ሌባው ቁጥሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ የድሮውን ቁጥር ፍቀው፣ ዋጋ የሚያወጣውን ቁጥር በሌላ ብሎክ ላይ የሚመቱ አሉና። ያው ብረት ነው፣ ያው ፈረስ ጉልበት ነው፤ ጥቂት አሃዞች ሲለወጡ ግን ዋጋው ይዘላል።

አሁን ደግሞ ባትሪ መጣ። በ2018 ልዑል ሃሪና ሜጋን ከሠርጋቸው በኋላ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት የወጡባት የ1968 ጃጓር ኢ-ታይፕ ሞተሯ ወጥቶ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነበረች። ሙሽሮቹ ያለ ድምፅ ሲንሸራተቱ ዓለም አጨበጨበ፤ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ሐዘን ተቀመጡ። «ፊቫ» የተባለው የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ይህን ዓይነቱን ለውጥ እንደማይደግፍ ተናገረ፤ የግድ ካላችሁ ግን መልሶ ማስተካከል የሚቻል ይሁን፣ የወጣው ዕቃም ምልክት ተደርጎበት በደንብ ይቀመጥ ሲል መከረ። አስተን ማርቲንም ቢሆን የድሮውን ሞተር በወጣበት ቦታ ላይ የሚገጠም፣ ሲያሻ ተፈትቶ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ሥርዓት አሳይቷል። ፍቺው ተፈጸመ፣ ሚስት ግን ዕቃ ቤት ትቆይ እንደማለት ነው።

ሁለቱም ወገን ክርክሩን አያጣም። ሞተር የቀየረው «መኪና የተሠራው ሊነዳ ነው፤ መንገድ ዳር ውሃ ልቅዳ እንዴ?» ይላል። ያልቀየረው «ሞተሩ ከወጣ የቀረው ቆርቆሮ ነው» ይላል። እውነት ሁለቱም ጋር አለ፤ እየተከራከሩ ማምሸት ይችላሉ፣ ያመሻሉም። ይሁንና ሰማዩ ትንሽ ዳመን ካለ የነጂውም የታሪክ ጠባቂውም መኪና ከጋራዥ አይወጣም፤ እንግሊዝ አገር ደግሞ ሰማዩ የማይዳምንበት ቀን ጥቂት ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ሥራ የሚሄዱት በቶዮታ ነው፤ ያቺኛዋን ግን ሞተሯ ኦሪጅናል ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም።